አደጋው በየት በኩል ይገባል? የአከርካሪ አልባ እንስሳት የአካል አሠራርና የዘመኑ ፈተና

እ.ኤ.አ. በ2021 ሰኔ ወር መጨረሻ በካናዳና በአሜሪካ ምዕራባዊ የባሕር ዳርቻ ላይ ያረፈው ከባድ ሙቀት የቆየው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነበር። ባሕሩ ሲሸሽ በሚጋለጡት ዐለቶች ላይ ግን የሞት ሽታ ነገሠ። ዐለት ላይ ተጣብቀው የሚኖሩት፣ መስል የሚባሉት ባለ ሁለት ክዳን ዛጎሎች አፋቸውን ከፍተው፣ ሥጋቸው በውስጣቸው ተቀቅሎ ተገኙ። የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው የባሕር ሥነ ሕይወት ተመራማሪ ክሪስ ሃርሊ በዚያ ሰሞን ያለቁትን የባሕር ዳርቻ እንስሳት ከ1 ቢሊዮን በላይ ገምተዋቸዋል። ከቁጥሩ ባልተናነሰ የሚያስገርመው ግን በአንድ ዐለት ላይ የታየው ልዩነት ነው፤ ፀሐይ ፊት ለፊት በመታችው ገጽ ላይ የነበሩት ሲያልቁ፣ በዚያው ዐለት ጥላማ ጎን፣ አንዳንዴም በአንድ እርምጃ ርቀት የነበሩት ብዙዎቹ ተርፈዋል።

ልዩነቱን የሚያስረዳው የመስሉ አካል ነው። መስል ባሕሩ ሲሸሽ ክዳኑን ግጥም አድርጎ ይዘጋና የቋጠራትን ጥቂት ውሃ ይዞ ማዕበሉ እስኪመለስ ይጠብቃል። ይህ ዘዴ ከመድረቅ ያድነዋል። ነገር ግን ላብ የለውም፣ ሸሽቶ ጥላ መፈለግ አይችልም፣ ጠቆር ያለው ዛጎሉም የፀሐይን ሙቀት ይስባል፤ ስለዚህ የገላው ሙቀት በአመዛኙ የተጣበቀበትን ዐለት ሙቀት ይከተላል። በእነዚያ ቀናት ደግሞ የአንዳንድ ዐለቶች ገጽ ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ተለክቷል። ክዳኑን ዘግቶ ቢቆይ በገዛ ውሃው ይቀቀላል፣ ቢከፍተው ይደርቃል። ለረጅም ዘመን ያኖረው መከላከያ በዚያ ሳምንት መውጫ የሌለው ክፍል ሆነበት።

ስለ አከርካሪ አልባ እንስሳት መመናመን የሚወጡ ዘገባዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚነግሩን ስንት እንደጠፉ ነው። ቁጥሩ አስፈላጊ ነው፤ ግን ለምን እነዚህ እንደሞቱና እነዚያ እንደተረፉ አይነግረንም። ሙቀትም ይሁን አሲድ ወይም መርዝ እነዚህን እንስሳት የሚያገኛቸው በአካላቸው አሠራር በኩል ነው፤ የሚተነፍሱበት ቀዳዳ፣ የሚጥሉት ቅርፊት፣ የሚያንጹት ዛጎል፣ ነርቮቻቸው የሚነጋገሩበት ኬሚካል እያንዳንዱ አንድ በር ነው። አደጋው በየትኛው በር እንደሚገባ ካላወቅን መከላከያውን የት እንደምናቆም ልናውቅ አንችልም።

አንዱ ችግር ከስያሜው ይጀምራል። በመማሪያ መጻሕፍት ኢደንደሴ፣ በተለመደው አነጋገር አከርካሪ አልባ የምንላቸው እንስሳት የተሰየሙት በሌላቸው ነገር ነው። ስያሜውን በሳይንስ ያስፋፋው ፈረንሳዊው ላማርክ ሲሆን፣ በ1793 ፓሪስ በሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የነፍሳትና የትሎች ፕሮፌሰር ሆኖ ከተሾመ በኋላ እነዚህን እንስሳት መልክ ለማስያዝ ለዓመታት ደክሟል። ሆኖም በአንድ ስም የተጠሩት ፍጥረታት በመካከላቸው ያለው ርቀት እጅግ ሰፊ ነው። ሰፍነግ ልብም አንጀትም ነርቭም የለውም፤ ውሃን በቀዳዳዎቹ እየሳበ የሚያጣራ የሕዋሳት ስብስብ ነው። ኦክቶፐስ በአንጻሩ ሦስት ልቦችና ወደ 500 ሚሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ሕዋሳት አሉት። ከታወቁት የእንስሳት ዝርያዎች ከ95 በመቶ የሚበልጡት አከርካሪ የላቸውም፤ ከእነዚህም ውስጥ በስም የተመዘገቡት ነፍሳት ብቻ ወደ 1 ሚሊዮን ዝርያ ይደርሳሉ። እንዲህ ያለውን ብዛት በአንድ ቃል ጠቅልሎ «እየቀነሱ ነው» ማለት፣ የሁሉንም ሕመም በአንድ መድኃኒት ለማከም እንደመሞከር ነው።

ሁሉም የሚጋሩት አንድ ጥያቄ ግን አለ፤ ኦክስጅን እያንዳንዱ ሕዋስ ዘንድ እንዴት ይድረስ? ኦክስጅን ከበዛበት ወዳነሰበት በራሱ እየሰረገ ይሄዳል። ሥጋ ውስጥ ግን ይህ ጉዞ በጣም አዝጋሚ ስለሆነ ከ1 ሚሊ ሜትር ገደማ በላይ ርቆ የሕዋስን ፍላጎት ሊያሟላ አይችልም። ጠፍጣፋ ትሎች ጠፍጣፋ የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው፤ ደም ሥር ስለሌላቸው የትኛውም ሕዋሳቸው ከገላቸው ገጽ ሊርቅ አይችልም። የመሬት ትል ደም ሥር ስላበጀ ወፈር ማለት ቻለ፤ ይሁን እንጂ የሚተነፍሰው አሁንም በእርጥብ ቆዳው ነው፣ ቆዳው ከደረቀም ይታፈናል።

ነፍሳት የመረጡት መንገድ ከዚህ ሁሉ ይለያል፤ በእኔ ግምት በእንስሳት ዓለም ከታዩት መፍትሔዎች ሁሉ ድንቁም እሱ ነው። አንድ ትልቅ ፌንጣ በጣቶች መካከል በቀስታ ይዞ ጎኑን በማጉያ መነጽር የተመለከተ ሰው፣ ከደረቱ ጀምሮ እስከ ሆዱ ጫፍ የተደረደሩ ትናንሽ ነጠብጣቦችን ያያል። በእያንዳንዱ ጎን አሥር ናቸው። ሆዱ ከፍ ዝቅ ሲል ቀዳዳዎቹ በተራ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ፤ ፌንጣው በዕረፍት ላይ ሲሆን አየር በአብዛኛው በፊተኞቹ ይገባል፣ በኋለኞቹ ይወጣል። ከእያንዳንዱ ቀዳዳ የሚነሳው የአየር ቱቦ እንደ ዛፍ ሥር እየተከፋፈለና እየቀጠነ ሄዶ፣ ከአንድ ሺኛ ሚሊ ሜትር ያነሰ ውፍረት ይዞ የጡንቻውን ሕዋስ ይነካል። የነፍሳት ደም በአብዛኛው ኦክስጅን የማመላለስ ኃላፊነት የለበትም። አየሩ ራሱ እስከ ሕዋሱ ደጃፍ ይሄዳል፤ ኦክስጅን ደግሞ በአየር ውስጥ ሲሰርግ በውሃ ውስጥ ከሚሰርገው ወደ 10,000 እጥፍ ይፈጥናል። ንብ ስትበርር የኦክስጅን ፍላጎቷ ካረፈችበት ጊዜ በአሥሮች እጥፍ ጨምሮ ጡንቻዋ የማይታፈነው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ አሠራር የራሱ ዋጋ አለው። አካሉ በገዘፈ ቁጥር ቱቦዎቹ ይረዝማሉ፣ የሚይዙትም ቦታ ይሰፋል። ከ300 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ሜጋኒውራ የተባለ፣ ከዛሬው ድራገንፍላይ ጋር የሚዛመድ ነፍሳት ክንፉ ሲዘረጋ ወደ 70 ሴንቲ ሜትር ይደርስ ነበር፤ ብዙ ተመራማሪዎች ይህን ግዝፈት በዚያን ጊዜ በከባቢ አየር ውስጥ ከነበረው፣ ዛሬ ካለው 21 በመቶ ከሚበልጠው የኦክስጅን መጠን ጋር ያያይዙታል። ሁለተኛው ዋጋ ውሃ ነው። አየር በሚያስገባው ቀዳዳ እርጥበት ይወጣል። ስለዚህ ነፍሳቱ ቀዳዳዎቹን ዘግቶ ይቆያል፣ ሲቸግረው ብቻ ይከፍታል፤ የተቀረውን ገላውን ደግሞ ስስ የሰም ሽፋን ይጋርደዋል።

ሙቀት ሲጨምር እነዚህ ሁለት መከላከያዎች በአንድ ጊዜ ይናጋሉ። ነፍሳት የራሳቸውን የገላ ሙቀት እንደ ወፍና እንደ ሰው አጽንተው ስለማይጠብቁ፣ አካባቢው 10 ዲግሪ ሲጨምር የአካላቸው እንቅስቃሴና የኦክስጅን ፍላጎታቸው በግምት ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ያድጋል። የበለጠ መተንፈስ ማለት ቀዳዳዎቹን ደጋግሞ መክፈት፣ ያም የበለጠ ውሃ ማጣት ነው። በዚያው ላይ ሙቀቱ ከተወሰነ ደረጃ ሲያልፍ የሰሙ ሽፋን ይላላና ውሃ በራሱ በቆዳው በኩል በፍጥነት መውጣት ይጀምራል። አንድ ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ገላ ደግሞ ከይዘቱ አንጻር ገጹ ሰፊ፣ የያዘው ውሃም ጥቂት ነው። ትልቅ እንስሳ በጥማት ብቻ የሚያልፈውን ከሰዓት፣ ትንሹ ነፍሳት በሕይወቱ ሊከፍልበት ይችላል።

ሞት የመጨረሻው ጉዳት መሆኑንም ማስታወስ ይገባል፤ ከዚያ በፊት የሚደርስ ሌላ አለ። በ2018 በታተመ ጥናት የእንግሊዝ ተመራማሪዎች የዱቄት ጢንዚዛዎችን ከሚስማማቸው ሙቀት ከ5 እስከ 7 ዲግሪ በሚበልጥ ሙቀት ለ5 ቀናት ሲያቆዩ፣ ወንዶቹ ጢንዚዛዎች አልሞቱም፤ የመራባት አቅማቸው ግን በግማሽ ገደማ ቀነሰ። ሁለተኛ ዙር ሙቀት ሲከተል ከሞላ ጎደል መካን ሆኑ። ሜዳ ላይ ቆሞ ነፍሳት ለሚቆጥር ሰው እነዚህ ጢንዚዛዎች ጤነኞች ይመስላሉ። ጉድለቱ የሚታየው በሚቀጥለው ትውልድ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሙቀቱ ካለፈ ስለሚሰነብት ምክንያቱን ማንም ላያስታውስ ይችላል።

በውሃ ውስጥ የሚኖሩት ደግሞ ሌላ አጣብቂኝ ውስጥ ይገባሉ። አንድ ሊትር አየር ወደ 210 ሚሊ ሊትር ኦክስጅን ሲይዝ፣ አንድ ሊትር ውሃ የሚይዘው ከ10 ሚሊ ሊትር አይበልጥም ማለት ይቻላል። ያም ቢሆን ውሃው ሲሞቅ ይቀንሳል፤ በ0 ዲግሪ 14.6 ሚሊ ግራም በሊትር የነበረው በ30 ዲግሪ ወደ 7.5 ይወርዳል። የወንዝ ድንጋይ ገልብጦ ያየ ሰው ሜይፍላይ የተባለውን በራሪ ነፍሳት እጭ ያውቀው ይሆናል፤ በሆዱ ግራና ቀኝ ቅጠል የሚመስሉ ስስ መተንፈሻዎች ተደርድረው በፍጥነት ይርገበገባሉ፣ ውሃው ኦክስጅን ሲያንሰው ርግብግቢቱ ይጨምራል። ገላው ብዙ ኦክስጅን በሚጠይቅበት ሰዓት ውሃው ትንሽ ይሰጠዋል። የወንዞችን ጤንነት የሚመረምሩ ባለሙያዎች እነዚህን እጮች እንደ ምስክር የሚቆጥሯቸው ያለ ምክንያት አይደለም። በውቅያኖስም ቢሆን ከ1960 ወዲህ የተሟሟው ኦክስጅን በአማካይ በ2 በመቶ ገደማ እንደቀነሰ ተለክቷል።

ከመተንፈሻው ቀጥሎ ልብ ሊባል የሚገባው የነፍሳት፣ የሸረሪቶችና የሸርጣኖች ውጫዊ ሽፋን ነው። ካይቲን ከተባለ ንጥረ ነገርና ከፕሮቲን የተሠራው ይህ ሽፋን በአንድ ጊዜ ቆዳም፣ አጥንትም፣ ጋሻም ነው፤ ጡንቻዎቹ በውስጥ በኩል በእሱ ላይ ይያያዛሉ። ነገር ግን አያድግም። እንስሳው ለማደግ ሽፋኑን መጣል አለበት። ኤክዳይሰን የተባለው ሆርሞን ምልክት ሲሰጥ ከአሮጌው ሽፋን ሥር ለስላሳ አዲስ ሽፋን ይዘጋጃል፣ የአሮጌው ከፊሉ ይሟሟል፣ ጀርባው ላይ ይሰነጠቃል። ሸርጣን ከአሮጌ ቅርፊቱ ሲወጣ እግሮቹን፣ የዓይኑን ሽፋንና የሆድ ዕቃውን ውስጠኛ ገበር ሳይቀር ስቦ ያወጣል፤ ከዚያ ውሃ ጠጥቶ ራሱን ይነፋና አዲሱ ሽፋን እስኪጠነክር ድረስ ይደበቃል። በእነዚያ ሰዓታት መራመድ እንኳ ይከብደዋል። በሕይወቱ ሁሉ ከዚህ የበለጠ የተጋለጠበት ጊዜ የለም።

የተባይ ማጥፊያ ኬሚስቶች ይህን በር ያውቁታል። ዳይፍሉቤንዙሮንን የመሰሉ መድኃኒቶች የካይቲንን ሥራ ያቋርጣሉ፤ እጩ ቅርፊቱን ሊጥል ሲሞክር አዲሱ ሽፋን ሊሸከመው ስለማይችል ይሞታል። አጥንት ያላቸው እንስሳት ገላቸውን የሚሸከም የካይቲን ሽፋን ስለሌላቸው በዚህ መንገድ አይጎዱም፤ ሐሳቡም በዚህ በኩል ብልህ ነው። ችግሩ ካይቲን የተባይ ብቻ አለመሆኑ ነው። መድኃኒቱ ታጥቦ ወንዝ ሲገባ በዚያ የሚያገኛቸው ሽሪምፖችና ደቃቅ የውሃ ቁንጫዎች በተመሳሳይ መንገድ ቅርፊታቸውን እየጣሉ የሚያድጉ ናቸው። አንድን በር ለመስበር የተሠራ መሣሪያ፣ ያ በር ያለበትን ቤት ሁሉ ይሰብራል።

በንቦች ላይ የተነሣው ረጅም ክርክርም የሚገባን በዚሁ መንገድ ነው። ኒዮኒኮቲኖይድ የሚባሉት የተባይ መድኃኒቶች አሴቲልኮሊን የተባለውን የነርቭ መልእክተኛ መቀበያ ይይዛሉ። በሰውና በሌሎች ደንደሴዎች ይህ መልእክተኛ ነርቭ ጡንቻን የሚያዝበት ዋናው ኬሚካል ነው። በነፍሳት ዘንድ ግን ጡንቻን የሚያዘው ግሉታሜት ሲሆን፣ አሴቲልኮሊን ደግሞ የአንጎል ውስጥ ዋና መነጋገሪያ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ በአነስተኛ መጠን ወደ ንብ ሲደርስ የሚነካው የምታሸትበትን፣ የምትማርበትንና መንገድ የምታስታውስበትን ሥራ ነው። ንቧ ላትሞት ትችላለች፤ ቀፎዋን ግን ማግኘት ያቅታታል። መድኃኒቱ በተክሉ ፈሳሽ ውስጥ እየተዘዋወረ እስከ አበባው ማርና ዱቄት መድረሱ ጉዳዩን የበለጠ ያከብደዋል፣ ምክንያቱም ንቧ የምትወስደው ምግብ ብላ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2018 ኢሚዳክሎፕሪድ፣ ክሎቲያኒዲንና ታያሜቶክሳም የተባሉት ሦስቱ በሜዳ ላይ ጥቅም ላይ እንዳይውሉ ያገደው ከእነዚህና ከመሰል ማስረጃዎች በኋላ ነው።

በዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ከእገዳው አንድ ዓመት በፊት ይፋ የሆነውና በጀርመን 63 ጥብቅ ቦታዎች ላይ የተሠራው ጥናት፣ በ27 ዓመታት ውስጥ የበራሪ ነፍሳት ክብደት ከ75 በመቶ በላይ መቀነሱን ሲያሳይ ዓለምን አስደንግጧል። ጥናቱ የቅነሳውን መጠን በማያሻማ ሁኔታ አሳየ፤ ምክንያቱን ግን ለይቶ አላረጋገጠም። ብዙ ጸሐፊዎች ይህን ክፍተት በአንድ ተጠያቂ ሊሞሉት ቸኩለዋል። የነፍሳትን አካል ቀርቦ ያየ ሰው በአንድ ምክንያት ብቻ ለመወሰን ይከብደዋል፤ በረሃብ የደከመች ንብ መርዝን የምትቋቋምበት ጉልበት ያንሳታል፣ በሙቀት የተጨነቀችም እንዲሁ። በሮቹ ብዙ ናቸው፣ ብዙዎቹም በአንድ ጊዜ ይከፈታሉ።

ነርቭን ካነሣን በቅርብ ዓመታት ሕግ አውጪዎችን ሳይቀር ያከራከረውን ጥያቄ ማለፍ አይቻልም፤ እነዚህ እንስሳት ይሰማቸዋል ወይ? በእንግሊዝ መንግሥት ጥያቄ በጆናታን በርች መሪነት ተሠርቶ በ2021 የቀረበው የለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ሪፖርት ከ300 በላይ ጥናቶችን መርምሮ፣ እንደ ኦክቶፐስና ስኩዊድ ያሉት እንዲሁም እንደ ሸርጣንና ሎብስተር ያሉት ሕመም እንደሚሰማቸው የሚያሳምን ማስረጃ መኖሩን ደመደመ። በ2022 የወጣው የእንስሳት ደኅንነት ሕግም እነዚህን ወገኖች ከደንደሴዎች ጎን ቆጠራቸው። ስዊዘርላንድ ቀደም ብላ በ2018 ሎብስተርን ሳያደነዝዙ ከነሕይወቱ የፈላ ውሃ ውስጥ መክተትን ከልክላለች።

ይህ ጉዳይ ለብዙዎች የርኅራኄ ጥያቄ ብቻ ይመስላቸዋል፤ እኔ ግን በመጀመሪያ የአካል ጥያቄ ነው እላለሁ። የእኛ ነርቮች ወደ አንድ አንጎል ስለሚሰበሰቡ፣ አንጎል ሲጠፋ ሁሉም እንደሚጠፋ እናስባለን። የሎብስተር ነርቭ ግን ከራሱ እስከ ጅራቱ በሆዱ በኩል የተዘረጋ፣ በየክፍሉ ቋጠሮ ያለበት ገመድ ነው። ጭንቅላቱን በቢላዋ መሰንጠቅ ፊተኛውን ቋጠሮ ያጠፋ ይሆናል፤ የተቀሩት ግን ሥራቸውን ይቀጥላሉ። በኦክቶፐስ ዘንድ ከነርቭ ሕዋሳቱ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ በክንዶቹ ውስጥ ስለሚገኙ ክንዱ ያለ አንጎል ትእዛዝ መዳሰስና መጨበጥ ይችላል። ለሰው ወይም ለበሬ የታሰበ የአገዳደል ሥርዓት ለእነዚህ እንስሳት አይሠራም። በአንድ ምት ሁሉንም ቋጠሮዎች የሚያደነዝዝ የኤሌክትሪክ ንዝረት ለሎብስተር ከቢላዋ የተሻለ ሆኖ የተገኘው ከዚህ አሠራር የተነሣ ነው።

ደማቸውም የራሱ ታሪክ አለው። ኦክቶፐስና ሸርጣን ኦክስጅን የሚሸከሙት በብረት ሳይሆን በመዳብ በተሠራ ሄሞሲያኒን በተባለ ፕሮቲን ስለሆነ፣ ደማቸው ኦክስጅን ሲይዝ ሰማያዊ ይሆናል። ሆርስሹ ክራብ የተባለው ጥንታዊ የባሕር እንስሳ ደግሞ ደሙ በቦዮች ብቻ ሳይወሰን በአካሉ ክፍተቶች ውስጥ ስለሚፈስ፣ አንድ ቁስል መላ ገላውን ለባክቴሪያ ያጋልጠዋል፤ መከላከያው በባክቴሪያ መርዝ አጠገብ ወዲያው የሚረጉ የደም ሕዋሳት ናቸው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ1977 ከፈቀደው ወዲህ፣ ከዚህ ደም የሚገኘው ንጥረ ነገር መርፌዎችና ክትባቶች ከዚህ መርዝ ነጻ መሆናቸውን ለማረጋገጥ ሲያገለግል ቆይቷል።

የባሕር ኮከብ ግን ከባሕሩ ጋር ያለው ድንበር እጅግ ስስ ነው። በክንዶቹ ሥር ያሉት በመቶዎች የሚቆጠሩ ቱቦ መሰል እግሮች የሚንቀሳቀሱት ከባሕር ውሃ ብዙም በማይለይ ፈሳሽ ግፊት ነው። ኩላሊትን የሚተካ አካል የለውም፣ የፈሳሹን ጨዋማነት ከአካባቢው ለይቶ መጠበቅም አይችልም። ባሕሩ የሆነውን ሁሉ እሱም ይሆናል። ከ2013 ጀምሮ በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ የተስፋፋው ሕመም የባሕር ኮከቦችን ክንድ እያጣመመ፣ ገላቸውን እያቀለጠ በጥቂት ቀናት ውስጥ ፈጃቸው፤ እስከ 24 ክንድ ያለው የሱፍ አበባ መሰሉ የባሕር ኮከብ ከቁጥሩ 90 በመቶ ገደማ አጣ። መንስኤውን ለማወቅ ከአሥር ዓመት በላይ ወሰደ። በ2025 የታተመ ጥናት ቪብሪዮ ፔክተኒሲዳ የተባለውን ባክቴሪያ ለየ፤ ቁልፉም ተመራማሪዎቹ ከሌሎቹ ናሙናዎች ይልቅ በእንስሳው የሰውነት ክፍተት ውስጥ ያለውን ፈሳሽ መመርመራቸው ነበር። ይህ ለእኔ ብዙ ይናገራል። ሕመሙን ለማግኘት የአካሉን አሠራር መከተል ግድ ሆነ።

ኮራል ደግሞ ከሁሉ የቀጠነ ገላ ይዞ ትልቁን ሕንጻ የሚገነባ እንስሳ ነው። ገላው ሁለት የሕዋስ ንብርና በመካከላቸው ያለ ዝልግልግ ነገር ብቻ ነው። በውስጠኛው ንብር ሕዋሳት ውስጥ ደቃቅ አልጌዎች ይኖራሉ፤ በፀሐይ ብርሃን የሚሠሩት ምግብ የኮራሉን የጉልበት ፍላጎት በአብዛኛው ይሸፍናል። የባሕሩ ሙቀት ከተለመደው የበጋ ጣሪያ በ1 ዲግሪ ገደማ በልጦ ለሳምንታት ሲቆይ የአልጌው የብርሃን ማብሰያ ይበላሽና ጎጂ የኦክስጅን ዓይነቶችን ማውጣት ይጀምራል። ያን ጊዜ እንስሳው እንግዶቹን ያስወጣል። ገላው ብርሃን የሚያሳልፍ ስለሆነ ከሥሩ ያለው የኖራ አጽም ነጭ ሆኖ ይታያል። ነጭ የሆነው ኮራል ገና አልሞተም፤ ግን ይራባል። በ2024 ሚያዝያ አራተኛው ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት መከሰቱ ታወጀ፤ ከ2023 መጀመሪያ እስከ 2025 መጋቢት ድረስ ለንጣት የሚያደርስ ሙቀት ያገኘው የዓለም የኮራል ሪፍ 84 በመቶ ደርሷል።

በመጨረሻ የማነሣው በር የዛጎል ሥራ ነው። ውቅያኖስ ሰው ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አንድ አራተኛ ያህሉን ይወስዳል፤ የገጹ ውሃ ፒኤች (ሲወርድ አሲድነት መጨመሩን የሚያሳይ መለኪያ) ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው 8.2 ወደ 8.1 ገደማ ወርዷል። አንድ አሥረኛ ትንሽ ይመስላል፣ ነገር ግን መለኪያው በአሥር እጥፍ የሚያድግ ስለሆነ የሃይድሮጅን አዮን መጠን ወደ 30 በመቶ ጨምሯል ማለት ነው። ዛጎል የሚሠራ እንስሳ ካልሲየም ካርቦኔትን ሲያነጥፍ ሃይድሮጅን አዮኖችን ከሥራው ቦታ ወደ ውጭ መግፋት አለበት፤ ውጭው በእነሱ በተሞላ ቁጥር መግፋቱ የበለጠ ጉልበት ይፈጃል። እንደ መስል ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል የሆነው አዋቂ ኦይስተር እየበላ ይህን ወጪ ሊሸፍን ይችል ይሆናል። ገና የተፈለፈለው እጭ ግን መብላት አልጀመረም። የመጀመሪያዋን ዛጎል በሁለት ቀናት ገደማ ውስጥ መጨረስ አለበት፤ ያለው ስንቅ ደግሞ እንቁላሉ ውስጥ የተቀመጠለት ብቻ ነው። ውሃው አሲድነቱ ከጨመረ ስንቁ ከዛጎሉ በፊት ያልቃል።

በ2000ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በአሜሪካ የኦሪገንና የዋሽንግተን ጠረፍ ላይ የሚገኙ የኦይስተር ማራቢያዎች እጮቻቸው በጅምላ ሲሞቱባቸው መጀመሪያ የጠረጠሩት ባክቴሪያን ነበር፤ ገንዳዎቹን አጸዱ፣ ውሃውን አጣሩ፣ ሞቱ አልቆመም። ኋላ የውሃው ኬሚስትሪ ሲለካ ንፋስ ከጥልቁ ባሕር ካርቦን ዳይኦክሳይድ የበዛበትን ውሃ ወደ ላይ በሚያወጣበት ሰሞን የተፈለፈሉት እጮች እንደሚያልቁ ታወቀ። ከዚያ ወዲህ ማራቢያዎቹ ወደ ገንዳ የሚገባውን ውሃ ያለማቋረጥ ይለካሉ፣ ሶዲየም ካርቦኔት ይጨምሩበታል። በተቻለ መጠንም ውሃውን የሚስቡት ከሰዓት በኋላ ነው፤ በዚያ ሰዓት የባሕር ዕፅዋት ቀኑን ሙሉ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ሲወስዱ ውለው የውሃው አሲድነት ይቀንሳል። ጥበቃው እጅግ የሚጠነክረው በእነዚያ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ነው፤ እጩ ዛጎሉን ጨርሶ መብላት ሲጀምር ተራውን የባሕር ውሃ ከቀድሞው የተሻለ ይቋቋማል።